ካይራል ያልሆነ ሞለኪውል በብረት ገጽ ላይ ሲያርፍ ካይራል የሚሆነው እንዴት ነው?

ሳድስ (ጥያቄ አቅራቢ)

ለመድረኩ አባላት ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ በፊዚካል ኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የምከታተል ተማሪ ነኝ። ለክፍላችን ሴሚናር የመረጥሁት ርእስ በብረታ ብረት ገጽ ላይ የተጣበቁ ሞለኪውሎች ካይራሊቲን እንዴት እንደሚያገኙ የሚመለከት ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የተማርነው አንድ ሞለኪውል ካይራል የሚባለው ከመስተዋት ምስሉ ጋር ተደርቦ መግጠም ሲያቅተው እንደሆነና፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ አራት የተለያዩ ቡድኖችን የያዘ የካርቦን አቶም ሲኖረው እንደሚከሠት ነው። ግላይሲን እንዲህ ያለ ካርቦን የለውም፤ ፕሮቲን ከሚሠሩት ሃያ የተለመዱ አሚኖ አሲዶች መካከል ካይራል ያልሆነው እርሱ ብቻ ነው። ሆኖም መዳብ ላይ ያረፈ ግላይሲን ካይራል እንደሚሆን አነበብሁ። መዳቡ ካይራል አይደለም፣ ግላይሲኑም አይደለም፤ ታዲያ ሁለቱ ሲገናኙ ይህ ባሕርይ ከየት ይመጣል? ደግሞስ የሚለካና የሚጠቅም ነገር ነው ወይስ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ስለምናየው ብቻ የሚታየን? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዘማራኪ

ውድ ሳድስ፣ ጥያቄህን ከሲሜትሪ ብትጀምረው ይቀልልሃል። ካይራሊቲ አንድ ነገር ስለተጨመረ የሚመጣ አይምሰልህ፤ የሚመጣው ቀድሞ የነበሩ የሲሜትሪ ክፍሎች ስለጠፉ ነው። በጋዝ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሞለኪውል ከላዩም ከታቹም ያው ባዶ ቦታ ነው። በብረት ገጽ ላይ ሲያርፍ ግን በአንድ በኩል ብረት፣ በሌላው በኩል ቫክዩም ይገጥመዋል። ስለዚህ ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነ የመስተዋት ጠለል ሊኖር አይችልም፤ የግልበጣ ማእከልም እንዲሁ። የሚተርፉት ለገጹ ቀጥ ብለው የሚቆሙ የመስተዋት ጠለሎች ብቻ ናቸው። ሞለኪውሉ የሚጣበቅበት መንገድ እነዚህንም ካፈረሰ፣ ሞለኪውሉና ብረቱ በአንድነት ካይራል ሆኑ ማለት ነው።

ጫማ ሠሪ ከቆዳ የቆረጠው ሶል ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ከጠረጴዛው አንሥቶ ሲገለብጠው የግራው ለቀኝ እግር ይሆናል፤ ሳያነሣው በጠረጴዛው ላይ ቢያንሸራትተውና ቢያሽከረክረው ግን ግራው ግራ እንደሆነ ይቀራል። ጠፍጣፋ ሞለኪውል በብረት ላይ የሚገጥመው ይኸው ነው። ሞለኪውሉ ነጻ ሳለ የራሱ ጠለል የመስተዋት ጠለሉ ስለነበር ካይራል አልነበረም፤ በአንዱ ፊቱ ከተኛ በኋላ ያ ጠለል ዋጋ ያጣል፤ በሌላው ፊቱ የተኛው ሞለኪውል ደግሞ የእርሱ የመስተዋት ምስል ይሆናል። እንዲህ ያሉትን ፕሮካይራል እንላቸዋለን።

የግላይሲን ጉዳይ ትንሽ ይለያል። መዳብ(110) በሚባለው ገጽ ላይ (ቁጥሮቹ ክሪስታሉ በየት አቅጣጫ እንደተቆረጠ ያመለክታሉ) ሲያርፍ ከአሲድ ቡድኑ ያለው ሃይድሮጅን ይለቅና ሞለኪውሉ ግላይሲኔት ሆኖ በሁለቱ ኦክስጅኖችና በናይትሮጅኑ መዳቡን ይይዛል። ሦስቱ የመያዣ ነጥቦች ከመዳቡ የአቶም ረድፎች አንጻር የሚተዉት አሻራ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ናይትሮጅኑ ወደ ቀኝ ያዘነበለበት አቀማመጥ አለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለበትም አለ፤ ሞለኪውሉ ከገጹ ሳይነሣ አንዱ ወደ ሌላው በመሽከርከር ሊለወጥ አይችልም። እንግዲህ ካይራሊቲው ያለው በአሻራው ላይ ነው።

ጠለል

የመምህር ዘማራኪን ገለጻ እደግፋለሁ፤ እኔ የፊዚክስ ሰው በመሆኔ ግን ሁለት ነገሮችን ማከል እወዳለሁ።

በሦስት አቅጣጫ የሚዘረጉ ክሪስታሎች የሚመደቡባቸው የሲሜትሪ ቡድኖች 230 ሲሆኑ፣ አንድ ዓይነት እጅ (ግራ ብቻ ወይም ቀኝ ብቻ) ያላቸውን ሞለኪውሎች ሊይዙ የሚችሉት 65 ናቸው። በጠለል ላይ ግን ቡድኖቹ 17 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል መስተዋትም ሆነ የሚንሸራተት መስተዋት የሌላቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ እነዚህም ፒ1፣ ፒ2፣ ፒ3፣ ፒ4 እና ፒ6 ናቸው። ሞለኪውሎች በገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲደረደሩ የሚመርጧቸው የአቀማመጥ መንገዶች ጥቂት በመሆናቸው ግራና ቀኝ ተለያይተው በየራሳቸው ክልል የመሰብሰባቸው ዕድል በክሪስታል ውስጥ ካለው የላቀ ነው ተብሎ ይታሰባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህ ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም። ከላይ የተነሣው ግላይሲን ራሱ በመዳብ(110) ላይ ሦስት በሁለት በሚባለው አደራደር ውስጥ ግራውንም ቀኙንም በአንድ ሴል (እየተደጋገመ አደራደሩን በሚሠራው ትንሹ ክፍል) ውስጥ እኩል አድርጎ ይይዛል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ካይራሊቲ ለመኖር እያንዳንዱ ሞለኪውል የግድ ካይራል አሻራ ሊኖረው አያስፈልግም። ፍጹም ሲሜትሪ ያላቸው ሞለኪውሎች የሠሩት መረብ ከብረቱ የመስተዋት ጠለሎች ጋር በማይገጥም አንግል ዞሮ ቢቀመጥ፣ መረቡና ብረቱ በአንድነት ካይራል ናቸው። ወደ ቀኝ የዞረ ክልል ካለ ወደ ግራ የዞረም ይኖራል። ስለዚህ ሳድስ ሆይ፣ በሴሚናርህ ላይ የሞለኪውሉን መረብ ብቻ ሥለህ ብረቱን አትተው፤ ግማሹ ጉዳይ ያለው ብረቱ ላይ ነውና።

ሳድስ

መምህር፣ ጠለልም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን አንድ ጥያቄ ተወለደ። ግራውና ቀኙ እኩል የሚፈጠሩ ከሆነ፣ ገጹን በጠቅላላው ስንመለከት ውጤቱ ራሴሚክ (የግራና የቀኝ እኩል ድብልቅ) ነው። እንዲህ ከሆነ ካይራሊቲ ተፈጠረ ማለት ተገቢ ነውን?

ዘማራኪ

ተገቢ ነው፣ ነገር ግን በየትኛው ስፋት እንደምትናገር መግለጽ አለብህ። ካይራል ባልሆነ ገጽ ላይ የግራውና የቀኙ ጉልበት ፍጹም እኩል ነው፤ ይህ ከሲሜትሪ በቀጥታ የሚወጣ በመሆኑ ለድርድር አይቀርብም። ስለዚህ በጥቂት ናኖሜትር ስፋት ካይራሊቲ አለ፤ በሚሊሜትር ስፋት ግን አማካዩ ዜሮ ነው። የዘርፉ ዋናው ጥያቄ ሚዛኑን ምን ሊያዘነብለው ይችላል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የካይራሊቲ መፈጠርማ፣ እንዳየኸው፣ እጅግ ቀላልና የተለመደ ነገር ነው።

በአካባቢ ደረጃ ያለው ካይራሊቲ የሥዕል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ግን አንድ ሥራ ግልጽ ያደርግልሃል። ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕን ቢኒግና ሮረር በ1981 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ዙሪክ ውስጥ ሠርተውት በ1986 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት፤ ገጽ ላይ ያለውን ሞለኪውል አንድ በአንድ ማየት የተቻለው በዚህ መሣሪያ ነው። በ1999 ሙቀቱ እጅግ ዝቅ ባለ ወርቅ(111) ላይ አንድ-ናይትሮናፍታሊን የሚባለውን ጠፍጣፋ ሞለኪውል ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ሞለኪውሎቹ በአሥር በአሥር ተሰብስበው ክምችት እንደሚሠሩና ክምችቶቹም የመስተዋት ጥንዶች መሆናቸውን አሳዩ። ከዚያም በመሣሪያው መርፌ ጫፍ እየገፉ ግራዎቹን በአንድ ወገን፣ ቀኞቹን በሌላ ወገን ለዩአቸው። ፓስተር በ1848 የታርታሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎችን በእጁ እየለቀመ የለያቸውን ሥራ ታስታውሳለህ፤ ይህም ያው ሥራ ነው፣ በአሥር ሞለኪውል ደረጃ የተሠራ። ሊለይ የሚችል ነገር በእርግጥ ያለ ነገር ነው።

ብርሃን ዘቀሃ

ሚዛኑን ስለማዘንበል ከተነሣ፣ የታርታሪክ አሲድ ታሪክ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በ2000 በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ውስጥ የራስሚታ ራቫል ቡድን አር፣አር-ታርታሪክ አሲድን በመዳብ(110) ላይ አሳርፎ አንድ ውብ ነገር አገኘ። ሞለኪውሉ ሁለቱንም የአሲድ ሃይድሮጅኖቹን ለቅቆ ባይታርትሬት ሲሆን፣ በሁለቱ የካርቦክሲሌት ጫፎቹ መዳቡን ይዞ ይቆማል። ከዚያ ሦስት ሦስት ሆነው ይሰለፉና ሰልፎቹ ከመዳቡ ረድፍ ዘንበል ባለ አንድ አቅጣጫ ይዘረጋሉ። በመካከላቸው ባዶ መዳብ የሚታይባቸው ቦዮች ይቀራሉ። የሴሉ ማትሪክስ (9 0፣ 1 2) ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ማለት በአንድ ሴል 18 የገጽ መዳብ አቶሞች ላይ ሦስት ሞለኪውሎች ተቀምጠዋል፣ ለስድስት አቶም አንድ ሞለኪውል።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ አር፣አር የሆነው አሲድ ሰልፉን ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነብላል፤ የመስተዋት ምስሉ የሆነው ኤስ፣ኤስ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ብቻ፣ ማትሪክሱም (9 0፣ -1 2) ይሆናል። አንድ ዓይነት አሲድ በተጠቀምን ጊዜ ሌላው አቅጣጫ ከነጭራሹ አይታይም። ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸውን ኤሌክትሮኖች ገጹ ላይ አንጸባርቆ በሚገኘው የዲፍራክሽን ሥዕልም ላይ ይኸው አንድ አቅጣጫ ይታያል፤ ያ ሥዕል ደግሞ የሚሰበሰበው ከሰፊ ቦታ ነው። ስለዚህ ካይራሊቲው ከአንድ ሞለኪውል ተነሥቶ ገጹን በሙሉ ወረሰ ማለት ነው።

አሁን ሱክሲኒክ አሲድን አስቡት። ከታርታሪክ አሲድ የሚለየው ሁለቱ የሃይድሮክሲል ቡድኖች ስለሌሉት ብቻ ነው፤ ስለዚህም ካይራል አይደለም። በዚያው መዳብ ላይ ሲያርፍ እርሱም ያዘነበሉ ክልሎችን ይሠራል፤ ነገር ግን ግራም ቀኝም ክልሎች እኩል ይገኛሉ። ተመራማሪዎች በ2004 እንዳሳዩት ከሱክሲኒክ አሲዱ ጋር 2 በመቶ ያህል ታርታሪክ አሲድ ሲቀላቀል አንደኛው ክልል ይጠፋል። እጅግ ጥቂት ካይራል ሞለኪውሎች ካይራል ያልሆኑትን ብዙዎች ወደ ራሳቸው ወገን ያሰልፋሉ። ይህን ውጤት ባነበብሁ ቁጥር መደነቄ አይቀርም፤ ሳድስ ለጠየቀው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

የአዘዞ ፋርማሲስት

ውይይታችሁን በጉጉት እየተከታተልሁ ነው። እኔ በመድኃኒት ሙያ ላይ ስላለሁ ጉዳዩን ከዚያ ወገን ማየት እፈልጋለሁ። እኛ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለቢልሃርዚያ የምንሰጠው ፕራዚኳንቴል የግራና የቀኝ ድብልቅ ነው፤ ትሉን የሚያጠቃው በዋናነት አር የሚባለው ሲሆን፣ ኤስ የሚባለው ግን ክኒኑን ከማሳደግና ምሬቱን ከማባባስ በቀር እምብዛም አይረዳም። ለሳንባ ነቀርሳ የምንሰጠው ኢታምቡቶል በአንጻሩ የሚዘጋጀው ኤስ፣ኤስ በሆነው መልኩ ብቻ ነው። ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ታሊዶማይድ በሰውነት ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው ስለሚለወጥ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ አይመስለኝም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በብረት ገጽ ላይ የሚደረገው ጥናት አንደኛውን እጅ ብቻ ለማምረት የሚረዳ ነገር አስገኝቷል?

ዘማራኪ

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በእርግጥ ነገሩ በተቃራኒው ነው የሆነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ካታሊስት (ምላሽን የሚያፋጥን ነገር) ቀድሞ መጣ፣ የገጹ ጥናት ኋላ ተከተለው። በታርታሪክ አሲድ የታከመ ኒኬል ቤታ-ኪቶኤስተሮችን ሃይድሮጅን እያከለ ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል በጃፓን ከታወቀ ብዙ ዓመታት ሆኖታል። በ1979 ደግሞ ኦሪቶና ባልደረቦቹ ፕላቲነምን ከሲንኮና ዛፍ በሚገኘው ሲንኮኒዲን አክመው አልፋ-ኪቶኤስተሮችን ወደ አንድ እጅ መለወጥ ቻሉ፤ በተመቻቸ ሁኔታ የአንዱ ብልጫ ከ90 በመቶ በላይ ይደርሳል። የወባ መድኃኒቱ ኪኒን የሚገኘውም ከዚያው ዛፍ እንደሆነ ያውቃሉ።

የአሠራሩ ማብራሪያ ግን በሁለቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እኔም ይህ ልዩነት በደንብ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ለሲንኮኒዲን በስፋት ተቀባይነት ያለው ሐሳብ የአንድ ለአንድ ግንኙነት ነው፦ ጠፍጣፋው የኪኖሊን ቀለበት በፕላቲነሙ ላይ ይተኛል፣ ናይትሮጅን ያለበት ሌላው ክፍሉ ደግሞ ጎኑ ያረፈውን ፓይሩቬት (ከአልፋ-ኪቶኤስተሮቹ አንዱን) በሃይድሮጅን ቦንድ ይዞ በአንድ ፊቱ ብቻ እንዲተኛ ያደርገዋል። ፓይሩቬት ፕሮካይራል ስለሆነ በየትኛው ፊቱ መተኛቱ የምርቱን እጅ ይወስናል። ለታርታሪክ አሲድ ግን ብርሃን የጠቀሷቸው ባዶ ቦዮች እንደ ቅርጽ ማውጫ ሆነው አንዱን ብቻ ያስገባሉ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ሆኖም መዳብ ላይ በቫክዩም የታየ ሰልፍ በፈሳሽ ውስጥ ባለ የኒኬል ዱቄት ላይ እንዳለ ይገኛል ብሎ መደምደም እኔ አልደፍርም።

ጠለል

በዚህ ጥንቃቄ እስማማለሁ። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ብረቱ ካይራል እንዳልሆነ በመውሰድ ስለሆነ ግን አንድ ነገር መጨመር ይኖርብኛል። መዳብ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም በውስጣቸው ካይራል አይደሉም፤ ገጻቸው ግን እንደ አቆራረጡ ካይራል ሊሆን ይችላል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሦስቱ የሚለር ቁጥሮች (በቅንፍ የምንጽፋቸው የአቆራረጥ ቁጥሮች) ሁሉም ከዜሮ የተለዩና እርስ በርሳቸውም በመጠን የተለያዩ ከሆኑ፣ ለገጹ ቀጥ ያለ የመስተዋት ጠለል አይተርፍም። (643) የሚታወቀው ምሳሌ ነው። ገጹ በደረጃዎች የተሞላ ሲሆን ደረጃዎቹም በየጥቂት አቶሙ ይታጠፋሉ፤ በእጥፋቱ ላይ ሦስት ዓይነት ትንንሽ ገጾች ይገናኛሉ፣ የእነርሱም ቅደም ተከተል በሰዓት አቅጣጫ ነው ወይስ በተቃራኒው የሚለው የገጹን እጅ ይወስናል። ይህን በ1996 ማክፋደን፣ ክሬመርና ጌልማን አመለከቱ፤ በ1999 ደግሞ አታርድና ባልደረቦቹ ፕላቲነም(643) ላይ የመስተዋት ጥንዶች የሆኑት ዲ-ግሉኮስና ኤል-ግሉኮስ በተለያየ መጠን እንደሚቃጠሉ በኤሌክትሮኬሚስትሪ አሳዩ። ሙቀት እጥፋቶቹን ቢያንቀሳቅስና ቢያዛባም አማካዩ እጅ አይጠፋም። የጉልበቱ ልዩነት ግን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ የዘርፉ ችግርም ይኸው ነው።

በ2018 ከወጣ ሥራም አንድ ነገር ላክል። በቀጭን ወርቅ የተሸፈነ ኮባልት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማግኔት ሲደረግ፣ ከሁለቱ ኢናንቲዮመሮች (የመስተዋት ጥንድ ሞለኪውሎች) አንደኛው ከሌላው ፈጥኖ ይጣበቃል፤ የማግኔቱ አቅጣጫ ሲገለበጥ ተመራጩም ይለወጣል። እዚህ ላይ ሚናውን የሚጫወተው የኤሌክትሮን ስፒን ነው።

ሳድስ

ከጠበቅሁት በላይ አገኘሁ። ሞለኪውሎች ገጹ ላይ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበትን መንገድ በተመለከተ ደግሞ አንድ ምሳሌ ብትጠቁሙኝ። በተጨማሪም እኛ እዚህ እጅግ የጠለቀ ቫክዩምም ሆነ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ ሳይኖረን በዚህ ዘርፍ ምን ልንሠራ እንችላለን?

ብርሃን ዘቀሃ

ለመጀመሪያው፣ በ2002 ዴንማርክ አርሁስ ውስጥ የተሠራውን የሲስቴይን ሥራ ተመልከት። ሲስቴይን ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ ነው። ግራና ቀኝ የተቀላቀለበት ሲስቴይን በወርቅ(110) ላይ ሲያርፍ ሞለኪውሎቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ጥንዶቹ ግን ኤል ከኤል ወይም ዲ ከዲ ብቻ ናቸው፤ የተቀላቀለ ጥንድ አይሠሩም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ሞለኪውል ከወርቁም ከጎረቤቱም ጋር በአንድ ጊዜ በሦስት ቦታ መያያዝ ይፈልጋል፤ ተቃራኒ እጅ ያለው ጎረቤት ሦስቱን በአንድነት ሊያሟላለት አይችልም።

ጠለል

ለሁለተኛው ጥያቄህ፣ ስሌት ከኮምፒውተር በቀር ብዙ አይጠይቅም። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። መዳብ(110)ን በአራት ወይም በአምስት የአቶም ንብብር ሠርተህ ግላይሲኔቱን በግራውም በቀኙም አሻራ አስቀምጥ። የሁለቱ ጉልበት እኩል መሆን እንዳለበት ከሲሜትሪ አስቀድመህ ታውቃለህ፤ ስለዚህ በስሌትህ የሚወጣው ልዩነት የአሠራርህን የቁጥር ስሕተት መጠን ይነግርሃል። ይህን መጠን ሳታውቅ ወደ (643) አትሂድ፤ በዚያ የምትፈልገው የኤልና የዲ ልዩነት ከስሕተቱ ጋር ሊቀራረብ ይችላልና። የቫን ደር ቫልስ ኃይልንም (ደካማውን የመሳሳብ ኃይል) ማካተት አትርሳ፤ በተለይ ጠፍጣፋ ሞለኪውል ከሆነ ያለ እርሱ ከብረቱ ያለው ርቀት አይታመንም።

ዘማራኪ

ለሴሚናሩ አንድ ምክር ልስጥህ። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ሞለኪውል አታስቀምጥ። መዳብ(110)ን ብቻ ሥለህ ለገጹ ቀጥ ያሉትን ሁለቱን የመስተዋት ጠለሎች በመስመር አመልክት፤ ከዚያ ግላይሲኔቱን አስቀምጥና ሁለቱም ለምን እንደፈረሱ አድማጮችህ ራሳቸው እንዲናገሩ ጠይቃቸው። ታርታሪክ አሲዱን ከዚያ በኋላ አምጣው፤ ከሱክሲኒክ አሲድ ጋር ጎን ለጎን ካሳየኸው፣ በአካባቢ ደረጃ የሚፈጠረውና ገጹን ሁሉ የሚወርሰው ካይራሊቲ የሚለያዩበት ቦታ በራሱ ይታያል። የጊዜ ገደብህ ጠባብ ከሆነ የማግኔቱን ክፍል ለጥያቄና መልስ አቆየው።